ስማቸው ከባሮ ዳር ግድግዳ የተነጠቀው የሠዓሊ ወንዳፈረው አሸብር ሕይወት (ከ1968 እስከ 2017 ዓ.ም.)

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ አንድም ሳይጨመርበት፣ አንድም ሳይቀነስለት፣ እውነት ነው። የጤፍ ፍሬ የምታህል ሐሰት ከተገኘችበት፣ ይህን ታሪክ ያጠናቀረውን የሟችን የአክስት ልጅ ወንዶሰንን የባሮ አዞ ከነጫማው ይዋጠው። ከድልድዩ ወዲህም ሆነ ከድልድዩ ወዲያ ያለ የጋምቤላ ሰው ሁሉ ምስክር ነው።

ሠዓሊ ወንዳፈረው አሸብር ከአባታቸው ከአቶ አሸብር ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ካሳ፣ በወሎ ክፍለ ሀገር በወረኢሉ አውራጃ፣ በ1968 ዓ.ም. ሚያዝያ 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት ተወለዱ። በአርባ ቀናቸው ጣታቸውን ጥቀርሻ ነክረው በክርስትና አባታቸው ነጠላ ላይ ማኅተም እንዳደረጉ ይነገራል። ይነገራል ብቻ አይደለም፤ ነጠላውን ያየ ሰው አለ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ቤተሰቡ ከሌሎች ሰፋሪዎች ጋር ወደ ጋምቤላ መጣ። ሁለት ታላላቆቻቸው በመንገድ ቀሩ። በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር የለም።

የዘጠኝ ዓመቱ ወንዳፈረው ሰፋሪዎቹን ከጫነው የአንቶኖቭ አውሮፕላን መስኮት አጎንብሰው ያዩትን ደንና ወንዝ፣ አቦቦ ሰፈራ መንደር በደረሱ በሦስተኛው ቀን ከነጠመዝማዛው በከሰል ሳሉት። የሳሉት በአንድ ጎረቤት ጎጆ ግድግዳ ላይ ስለነበረ ተገርፈውበታል። ሥዕሉ ግን ከመንግሥት ካርታ ይሻል ነበር። የአልዌሮን ግድብ የሠሩት መሐንዲሶች «እስቲ ያ ልጅ የሳለውን አሳዩን» ብለው መጥተዋል የሚባለውን ጸሐፊው አያረጋግጥም፤ አያስተባብልምም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራ መንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጋምቤላ ከተማ ተከታትለው በ1987 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የባዮሎጂ መምህራቸው ሥዕል ሲያስፈልጋቸው ጠመኔውን የሚሰጡት ለእሳቸው ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የሳሉት ልብ ሲመታ የታያት ተማሪ ራሷን ስታ ወድቃለች። በመልቀቂያ ፈተናው ነጥብ አልመጣላቸውም፤ ጉድለቱ የፈታኞቹ ነው።

ከ1988 እስከ 1991 ዓ.ም. ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወርደው ነበር። ሌላው ጉድጓድ ሲገባ እሳቸው ከላይ ቀርተው የምግብ ቤቶችን ታፔላ መጻፍ ጀመሩ። የሳሉትን ጥብስ ያየ ቆፋሪ ባይርበውም ይገባ ስለነበር፣ ሥዕል የሌላቸው ምግብ ቤቶች በሁለት ወር ውስጥ ተዘጉ። ከዲማ ሲመለሱ በጋምቤላ ገበያ አጠገብ «ወንዳፈረው የሥዕልና የማስታወቂያ ሥራ»ን ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ በእሳቸው እጅ ያልተጻፈ ታፔላ ካለ፣ ወይ ባለቤቱ ማንበብ የማይችል ነው፣ ወይ ዘመድ ሠዓሊ ያለው ነው።

ከባለቤታቸው ከሲስተር ቤርሳቤ ጋር የተዋወቁት በ1994 ዓ.ም. በአንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የክትባት ሥዕል ሲሠሩ ነው። ሲስተር ቤርሳቤ በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም ብለው ሥዕሉን አዩና፣

«ይኼ ልጅ ለክትባት የመጣ ነው ወይስ ለድለባ?» አሉ።

«ሲስተር፣ እርስዎ ዘንድ ልጅ የሚያምረው ስንት ኪሎ ሲሞላ ነው?»

«እጁ እንኳ ይታጠፍለት እንጂ! መርፌውን የት ልውጋው?»

ሠዓሊው የልጁን ክንድ ሦስት ጊዜ አቀጠኑ፤ ሦስት ጊዜም ሲስተር ቤርሳቤ መጥተው እንዲያዩላቸው ጠየቁ። በአራተኛው ሽማግሌ ላኩ። በ1995 ዓ.ም. ጥር ወር ጋብቻቸውን ፈጽመው አቤኔዘርን፣ አቢጋኤልንና ዕዝራን አፍርተዋል። ያ የግድግዳ ልጅ ዛሬም እዚያው ቆሞ ይከተባል።

የሠዓሊ ወንዳፈረው ስም ከክልሉ አልፎ የገነነው በ2006 ዓ.ም. ከሁለት ሠዓሊዎች ጋር በመሠረቱት «ሦስት እጅ» በተባለው የሥዕል ማኅበር ነው። ሁለቱም ሊታወቁ ይገባል። አንደኛዋ ወይዘሮ ኛጃል ናቸው፤ ማታር ተወልደው፣ ቅል ላይ ጌጥ ሲቀርጹ አድገው፣ ቀለም መቀላቀልን ከማንም ሳይማሩ ያወቁ። ሁለተኛው ኦኬሎ ነው። ኦኬሎ ለአኙዋ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ይሠራ የነበረ፣ ቁጥብ ተናጋሪና ረጅም ሰው ነው። ከመናገር ማነስ ምን እንደሚመጣ ወደፊት ይታያል።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ኦኬሎ በከሰል መስመር ያወጣል። ወይዘሮ ኛጃል ቀለሙን ይሞላሉ። ሠዓሊ ወንዳፈረው ዓይንን፣ አፍንና ጽሕፈቱን ይሠራሉ፤ ማለትም ሥዕሉ ነፍስ የሚዘራው በእሳቸው እጅ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ነበር፤ የዓሣ ሥዕል። ሲጨርሱ ሠዓሊ ወንዳፈረው ስማቸውን በአንዱ ጥግ ጻፉ። ኦኬሎ የራሱን ከዚያ ተለቅ አድርጎ ጻፈ። ሠዓሊው የራሳቸውን አጥፍተው እንደገና አሰፉት። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ መጥተው «ዓሣው የታለ?» ብለው ጠየቁ፤ ከስም በቀር የሚታይ አልነበረም።

ያኔ ወይዘሮ ኛጃል ብሩሻቸውን ባልዲ ውስጥ ጥለው፣

«በእኛ ቤት ሕፃን ለራሱ ስም አያወጣም» አሉ። «ስም ሌላ ሰው ነው የሚሰጥ። እናንተ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከሕፃን ታንሳላችሁ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንብ ሆነ። በ«ሦስት እጅ» ማንም የራሱን ስም በራሱ እጅ አይጽፍም፤ ጓደኛው ይጽፍለታል። ማን የማንን እንደሚጽፍ በየሥራው ዕጣ ይወጣል። ስሙም የሚጻፈው ሥዕሉን አንድ ክረምት ካጠበው በኋላ ነው፤ ዝናብ ያልፈተነው ሥዕል ስም አይገባውም። ይህን ደንብ ያወጡት ወይዘሮ ኛጃል ይሁኑ እንጂ፣ ያጸኑት ሠዓሊ ወንዳፈረው ናቸው። አሥራ ሰባት ግድግዳዎች በዚህ ደንብ ተሠሩ፤ ጸሐፊው ሲቆጥራቸው አርባ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የባሮ ዳሩ ግድግዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ የሠሩት ይህ የአንድ ግቢ አጥር ስልሳ አራት ሜትር ነበረ፤ በሙቀት ሲለጠጥ ደግሞ ሰባ። ወንዙን ከደጋው ጀምሮ እስከ ማታር ድረስ ይዞ ይወርዳል፤ በዳርና ዳሩ አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ደገኛው እያንዳንዱ በሥራው ላይ ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሠራሉ፤ በመካከሉ ቀለሙ ብሩሹ ላይ እንደ ኮረት ይደርቃል። የባጃጅ ሾፌሮች ሥራ ፈትተው ይሰበሰቡ ነበር።

«ኧረ ወንዴ! የዚያ አዞ ጥርስ አልበዛም?»

«አፉ ውስጥ ግባና ቆጥረህ ንገረኝ!» ይሉ ነበር ሠዓሊው ከመሰላሉ ላይ።

አንድ ቀን ጀሪካን የተሸከሙ አኙዋ እናት ግድግዳው ፊት ቆመው ውኃ ስትቀዳ የተሳለችውን ሴት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይቺ እህቴ ናት» አሉ። «ማን ነገራችሁ?»

«እኔ የሳልኩት ሌላ ሰው ነው፣ እናቴ» አለ ኦኬሎ።

«አይደለም። እህቴ ናት።»

ከዚያ ወዲያ እኚያ እናት ባለፉ ቁጥር ሥዕሏን ሰላም ሳይሉ አላለፉም። የሴቲቱን መስመር ያወጣው ኦኬሎ ቢሆንም፣ ዓይኗን የሠሩት ሠዓሊ ወንዳፈረው መሆናቸው ይታወስ።

ክረምቱ መጣ፤ ባሮ ሞላ፤ ሥዕሉ አንድ ጠብታ ቀለም አልለቀቀም። በዚያው ነሐሴ ከአዲስ አበባ የሥዕል ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጁ እንግዶች መጥተው ግድግዳውን አዩና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከአንደኛው አፍ ዝንብ መውጣቷን ጸሐፊው በዓይኑ አይቷል። «ይህን የነደፈው ማነው?» ብለው ወደ ማስታወቂያ ሱቁ ሲመጡም በዕለቱ የተገኙት ሠዓሊ ወንዳፈረው ነበሩ። መስከረም 8 ቀን 2012 ዓ.ም. የዐውደ ርእዩ የጥሪ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው «የባሮ ዳሩን ግድግዳ ለነደፉት ለሠዓሊ ወንዳፈረው አሸብር» ይላል፤ ዛሬም በቤታቸው ሳሎን ተሰቅሎ ይገኛል። የጥሪው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ነደፈ ማለት ደግሞ መስመር ማውጣት ብቻ እንዳልሆነ የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ ሐሳቡ ከማን ጭንቅላት ወጣ ነው ጥያቄው።

ክህደቱ የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው።

መስከረም 18 ቀን ስም የሚጻፍበት ቀን ነበር። የእንግዶቹ ፎቶ አንሺዎች ለዐውደ ርእዩ መጽሔት ግድግዳውን ከነስሙ ሊያነሱ መጥተዋል። በዕጣው መሠረት የሠዓሊ ወንዳፈረውን ስም የሚጽፈው ኦኬሎ ነበር። ሠዓሊው ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ወጡ። ኦኬሎ ግን ቅናት ልቡን በላው። ስድስት ዓመት አብረው ከአንድ ባልዲ የቀዱትን፣ በክረምት ከአንድ ሸራ ስር የተጠለሉትን፣ ልጁ ሲታመም ሲስተር ቤርሳቤን ከምሳቸው አስነስተው የላኩለትን የወዳጁን ስም ሳይጽፍ ቀረ። ጸሐፊው በዕለቱ ለሥራ ኢታንግ ስለነበረ በቦታው አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ ሠዓሊው በማግስቱ ቤታቸው ቁጭ ብለው የነገሩትን እንዳየው ያህል ያውቀዋል።

«ምን ሆንክ?» ቢላቸው፣

«ስም ተቀበረ፣ ወንዶሰን» አሉት። «ሰው በቁሙ ተቀበረ።»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ትልቅ ሰው በደሉን አይዘረዝርም።

ግድግዳው ራሱ እንኳ ውሎ አላደረም። በወሩ የግቢው ባለቤቶች አጥራቸውን ወደ ውጭ ሊያሰፉ አፈረሱት። ስለዚህ ያ ባዶ ቦታ የማን እንደነበረ ሄዶ የሚያይ የለም፤ ጸሐፊው ያለው ግን ይበቃል። ሠዓሊው በኅዳር ወር ወደ አዲስ አበባ ብቻቸውን ሄዱ። የግድግዳው ፎቶ ዐውደ ርእዩ ላይ ሲሰቀል ሰው እንደ ጥምቀት ጎረፈ፤ አንድ የውጭ አገር ሰው አዞውን አይቶ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሌላ ሥዕል ጥሏል። ሲመለሱ ኦኬሎ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊል አልመጣም። ይህም ቅናቱን ያስረዳል።

«ሦስት እጅ» በዚያው ፈረሰ። ሠዓሊ ወንዳፈረው ኦኬሎን በመንገድ ሲያዩ ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር፤ አንዴ ድልድዩ ላይ ተገናኝተው ማዶ ቢያጡ ዞረው ወደ መጡበት ተመልሰዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ፊት መሳል ተዉ። አንድ የሆቴል ባለቤት አስተናጋጆቹን ግድግዳው ላይ እንዲስሉለት ለምኗቸው «ፊደል ከፈለግህ እጽፍልሃለሁ፤ ሰው አልሠራም» ብለውታል። ያ ኦኬሎ የቀማቸው ስም ብቻ አይደለም፤ ዓይናቸውን ነው የቀማቸው። ወይዘሮ ኛጃል ብቻ ሁለቱንም ቤት ሳያቋርጡ ይጠይቁ ነበር። ስለነገሩ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ፤ ጸሐፊው ዝምታቸውን እንደ ሐዘን ቆጥሮታል።

ሠዓሊ ወንዳፈረው ከ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ በጉበት ሕመም በጋምቤላና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐኪሞቻቸው እንዲህ ያለ ጽናት በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ እንደሌለ መስክረዋል። ኦኬሎ በሕመማቸው ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሲስተር ቤርሳቤ የዋህ ስለሆኑ ወንበር ሰጥተውታል። ሠዓሊው ግን ሦስቱንም ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እሱ እስኪሄድ ድረስ አልተመለሱም። ኦኬሎም ጥቂት ተቀምጦ «ደህና ዋል፣ ወንዴ» ብሎ ይሄድ ነበር። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም።

ሠዓሊ ወንዳፈረው አሸብር ማክሰኞ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ረቡዕ የካቲት 19 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ዘመድ ወዳጆቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ሲስተር ቤርሳቤን፣ ልጆቻቸውን አቤኔዘርን፣ አቢጋኤልንና ዕዝራን፣ እንዲሁም እናታቸውን ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን ትተው አልፈዋል። በቤተሰቡ ስም የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ ኦኬሎ አስከሬኑን እንዳይሸከም፣ አፈርም እንዳያለብስ፣ ወደ ድንኳኑም እንዳይገባ ከትናንት ጀምሮ ተነግሮታል። ስምን ለከለከለ አፈር አይሰጠውም።

የሰማይን ደመና ያለ ብሩሽ የሚያቀልም አምላክ የወንዳፈረውን ነፍስ በሚወዳቸው ቅዱሳን አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለእናታቸው መጽናናትን ያውርድልን። አሜን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት፣ ስሞችና ቀኖች በትክክል መስፈራቸው እንዲታይ ዛሬ ጠዋት በድንኳኑ ውስጥ ለወይዘሮ ኛጃል ተነቧል። ወይዘሮ ኛጃል እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የመስከረም 18ቱን ቦታ እንዲደገምላቸው ጠየቁ፤ ተደገመላቸው። ቀጥሎ ያለው በሲስተር ቤርሳቤ ትእዛዝ እንዳለ የገባ ነው።

«ጥሩ ጽፈሃል፣ ወንዶሰን» አሉ ወይዘሮ ኛጃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሞተ ሰው ጥሩ ይባላል። ግን ዕጣው እንደዚህ አልነበረም። የወንዴን ስም የምጽፍ እኔ ነበርኩ። ጻፍኩ። የእኔን ኦኬሎ ጻፈ። የኦኬሎን የሚጽፍ ወንዴ ነበር።»

«እና?»

«እና አልጻፈም። ብሩሹን ይዞ ቆመ። ፎቶ አንሺዎቹን አየ። ‹እነሱ ይሂዱ፣ ነገ እጽፋለሁ› አለ። ኦኬሎ ‹እሺ› አለ። እነሱ ባዶውን አንስተው ሄዱ። በነጋታው እኔና ኦኬሎ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። በሌላውም ቀን ጠበቅን። ወንዴ አልመጣም። ለአዲስ አበባዎቹ እንግዶች ‹እኔ ነደፍኩት› ብሎ ነበር።»

ጸሐፊው ሲስተር ቤርሳቤን አየ። ሲስተር ቤርሳቤ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

«ጻፈው» አሉ።

«ቤርሳቤ፣ ዛሬ? በቀብሩ ቀን?»

«ዛሬ ነው እንጂ! በሰው ስም ላይ ተኝቶ አይቀበርም። ይህ ካልገባ ወረቀቱ አይታተምም።»

«ታዲያ ኦኬሎ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አለ?» ተብለው ወይዘሮ ኛጃል ተጠየቁ። «ቀለም አለው፣ እጅ አለው። ግድግዳው እስኪፈርስ አንድ ወር ቆሞ የለም ወይ? ራሱ አይጽፈውም ነበር?»

«እኔም እንደዚህ ብዬው ነበር» አሉ። «‹ስሜን የሚጽፍ ወንዴ ነው› አለኝ። ‹እኔ ከጻፍኩት እሱ ምን ሊጽፍ ይመጣል?›»

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ወንዶሰን። አንተ ነህ ያስቆምከው።»